የቆረቆንዳ ከሰል የትኛውን ውኃ ያጠራል?

ባለፈው ጥር መራዊ አጠገብ አጎቴ ቤት ሰነበትኩ። በቆሎ የሚፈለፈልበት ወቅት ነበር። ግቢው መሀል የቆረቆንዳ፣ ማለትም ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ እንጨት፣ ክምር ቆሟል፤ የጎጆውን ጣሪያ ሊደርስበት ትንሽ ቀርቶታል።

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው።

«ምን አደርገዋለሁ ልጄ፤ ይነዳል። ያልነደደውን ክረምት ይብላው።»

አክስቴ በጣሳ ውኃ አቀረቡልኝ። ከጓሮው ጉድጓድ የተቀዳ ነው፣ ጥርት ያለ። «በነጠላ አጥልለነዋል፤ ጠጣ» አሉኝ። ጉድጓዱ ከላሞቹ ጋጥ ቁልቁል ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው።

እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ባሕር ዳር ሆኜ ያነበብኩት ስለ ባዮቻር ነበር፤ ከሰብል ተረፈ ምርት ስለሚሠራ፣ ውኃ ስለሚያጣራ ከሰል። አንድ ዓይኔ ክምሩ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ጣሳው ላይ ሆነ። ያኛው ይኼኛውን ቢያጸዳውስ?

መልሱ ትንሽ ይረዝማል። ስለ ባዮቻር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ግማሹ ነው፤ «ከቆሻሻ የተሠራ፣ ቆሻሻ የሚያነሣ» ይባልና እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ያልተወራውን ግማሽ ነው ማውራት የምፈልገው። ግን ከመሠረቱ ልጀምር።

እሳት ሲዳፈን ሳያይ ያደገ የጎጃም ልጅ ያለ አይመስለኝም። ማታ ፍሙ አመድ ይለብሳል። ጠዋት ሲገለጥ ፍሙ አለ፤ እፍ ሲሉት ይቀላል። አመዱ ምን አደረገ? አየር ከለከለ። እንጨት አመድ የሚሆነው ሙቀትና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። አየር ካጣ ሙቀቱ ይሰባብረዋል፣ ግን አይጨርሰውም። እርጥበቱ ይተናል። ጭሱ፣ ጋዙና ሬንጅ መሳዩ ነገር ይወጣል። የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ጥቁር፣ ቀላል፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ።

ባዮቻርም ይኸው ነው። ቆረቆንዳ፣ አገዳ፣ ገለባ፣ የዘጌ ቡና ገለፈት፣ ፋንድያም ሳይቀር አየር በተነፈገ ቦታ ከ300 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይከስላል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ቆረቆንዳ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ያህል ከሰል ይገኛል። ከምድጃው ከሰል የሚለየው ከሁሉ በላይ በዓላማው ነው። ቡና ለማፍላት ከሆነ ከሰል እንለዋለን፤ አፈር ወይም ውኃ ውስጥ ለመጨመር ከሆነ ባዮቻር። አዲስ ስም ሲወጣለት ዋጋው የሚጨምር ነገር ብዙ ነው፤ ይኼም አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ጥቁር ነገር ውኃ ውስጥ ምን ይሠራል? ተክሉ በሕይወት ሳለ ውኃ የሚያመላልስባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ነበሩት። ሲከስል ሥጋው ይሄዳል፣ ቧንቧው ይቀራል። በቧንቧዎቹ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጋዙ ሲወጣ የተዋቸው፣ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ ስፋቱ ያስደነግጣል። በደንብ የተሠራ ባዮቻር በአንድ ግራም 250 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ 10 ግራሙ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ሩብ ሄክታር ማለት ነው፤ ገበሬው ቃዳ የሚለው። አጎቴ በሬ ጠምደው የሚውሉበት መሬት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ከሰል ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከፋብሪካ የሚገዛው «አክቲቬትድ ካርቦን» ከዚህም በብዙ ይበልጣል፤ በግራም 1,000 ካሬ ሜትር መድረሱ የተለመደ ነው። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው።

ከሰል ቆሻሻ «ይመጥጣል» ሲባል እንሰማለን። ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ውኃውን ወደ ውስጡ ያስገባል። ከሰል ግን ያጣብቃል። ጭጎጎት የበዛበት ማሳ ዳር ያለፈ ሰው ሱሪውን ይመልከት። ጭጎጎቱ ክሩ ውስጥ አልሰረገም፣ ገጹን ጨብጦ ነው የቀረው። ብክለትም ከሰል ላይ የሚቀረው እንዲያ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የሚጣበቅ ነገር ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታው ከሞላ ሌላው ያልፋል። ደግሞ ሁሉም ነገር ሁሉም ላይ አይጣበቅም። ጭጎጎት ጋቢ ላይ ይሰፍራል፣ የላስቲክ ዝናብ ልብስ ላይ ግን ይንሸራተታል።

ነገሩ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1785 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፋርማሲስት ቶቢያስ ሎቪትስ ከሰል የቆሸሸ ፈሳሽን ቀለም እንደሚያነሣ አስተዋለ። በኋላ የአውሮፓ ስኳር ፋብሪካዎች ቡናማውን ስኳር ነጭ ለማድረግ የአጥንት ከሰል ተጠቀሙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ከመርዝ ጋዝ የተረፈው ፊቱ ላይ ባሰረው ከሰል ነው፤ አሜሪካኖች ለዚሁ ብለው ሕዝቡን ለከሰል የሚሆን የኮክ ዘር አስለቅመዋል። የገጽ ላይ መጣበቅን በሒሳብ ያስቀመጠው ኧርቪንግ ላንግሙር በ1932 ኖቤል ተሸለመ። በነገራችን ላይ እናቶቻችን የጠላ እንስራ በወይራ የሚያጥኑት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ሥራውን የሚሠራው ጭሱ ነው።

ቤት ውስጥ ሊሞከር የሚችል ነገር ላሳያችሁ። የላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣችሁ፣ አፉን በጨርቅ አስራችሁ ገልብጡት። ከሰል ወቅጣችሁ ንፉ። ከጤፍ የደቀቀው ይደፍናል፣ ከስንዴ ፍሬ የገዘፈው ውኃውን ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ የምትፈልጉት መሀለኛውን ነው። ጥቁሩ እስኪጠፋ እጠቡት። መጀመሪያ የሞከርኩ ጊዜ እኔ ሳላጥብ አፈሰስኩበትና ከታች የወጣው ውኃ ከላይ ከገባው የባሰ ሆነ፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሁለት አዘጋጁ።

አሁን ሁለት ብርጭቆ ውኃ። አንደኛው ላይ ጂቪ አንድ ጠብታ፤ ያ ሐኪም ቤት ቁስል ላይ የሚቀቡት ሐምራዊ መድኃኒት። ሁለተኛው ላይ አንድ ማንኪያ ጨው። ሁለቱንም በየጠርሙሳቸው ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ሐምራዊው ጠርቶ፣ ካልሆነም በጣም ደብዝዞ ይወጣል። ያን ውኃ ግን ማንም አይጠጣው። የጨዉን ምላሳችሁ ላይ አስነኩት። ጨው ነው፤ ምንም አልተነካም።

ሁለቱም ውኃ ውስጥ የሟሟ ነገር ነው። ታዲያ አንዱ ተይዞ ሌላው ለምን አለፈ?

አንደኛው ምክንያት ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪ ሁለት ጫፍ እንዳለው፣ ውኃ ውስጥ የሟሙ ብዙ ነገሮችም አዎንታዊ ወይም አሉታዊ ሙል አላቸው። የባዮቻር ገጽ በተለመደው ውኃ ውስጥ በአብዛኛው አሉታዊ ነው። ስለዚህ አዎንታዊውን ይስባል። ጂቪ አዎንታዊ ነው። እርሳስ፣ ካድሚየምና መዳብም ውኃ ውስጥ አዎንታዊ ናቸው፤ ባዮቻር እነሱን መያዝ ይችልበታል። ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ፍሎራይድና አብዛኛው አርሴኒክ ግን አሉታዊ ናቸው። ተራ ባዮቻር ሲያያቸው ይገፋቸዋል ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም። የጨው ሶዲየም አዎንታዊ ቢሆንም ከውኃው ጋር የተስማማ ስለሆነ ገጹ ላይ የሚያቆየው ነገር የለም።

ሁለተኛው ውኃ አለመውደድ ነው። ብዙ ፀረ ተባይ፣ የነዳጅ ቅሪት፣ መጥፎ ሽታ የሚሰጡ ነገሮች ዘይት መሰል ጠባይ አላቸው። ውኃ ውስጥ መቆየት አይመቻቸውም። ካርቦን ሲያገኙ ይሸሸጉበታል።

እዚህ ላይ የእሳቱ ሙቀት ይገባል። በ350 ወይም በ400 ዲግሪ የከሰለ ባዮቻር ገጹ ላይ ገና ኦክስጅን ያዘሉ «እጆች» አሉት። ብረታ ብረት የሚጨብጡት እነሱ ናቸው። ሙቀቱ ወደ 600ና 700 ሲወጣ እጆቹ ይረግፋሉ፤ በምትኩ ቀዳዳው ይበዛል፣ ገጹም ውኃ የማይወድ ይሆናል። ያኔ ለፀረ ተባይና ለሽታ ይሻላል። ስለዚህ «ጥሩ ባዮቻር» የሚባል ነገር የለም። ለእርሳስ ጥሩ፣ ለፀረ ተባይ ጥሩ ነው የሚባለው። ሻጭ መጥቶ «ሁሉን ያጣራል» ካላችሁ ሸኙት።

እንግዲህ ወደ አገራችን ውኃ እንምጣ።

መራዊ አጠገብ ያለውን የኮጋ መስኖ ውሰዱ። ግድቡ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ ነው የተሠራው። ድሮ በዓመት አንዴ ይዘራበት የነበረ መሬት አሁን በበጋም ሽንኩርት፣ ድንችና ስንዴ ይሰጣል። መስኖ ሲመጣ የሚረጭ ነገርም አብሮ ይመጣል። ከማሳ ለሚወጣ የፀረ ተባይ ቅሪት፣ በከፍተኛ ሙቀት የከሰለ ቆረቆንዳ በቦይ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ ትርጉም ያለው ሥራ ይሠራል። ለእኔ ባዮቻር ጎጃም ውስጥ ከሁሉ በላይ ቦታ አለው የምለው እዚህ ጋ ነው። ቆረቆንዳውም፣ ብክለቱም፣ ገበሬውም አንድ ቦታ ናቸው።

ጣና ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እምቦጭ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው፤ ከማሳ በጎርፍ፣ ከከተማ በቱቦ የሚገባው። ሁለቱም በብዛት አሉታዊ ሆነው ስለሚመጡ ተራ ባዮቻር አይይዛቸውም። ቆረቆንዳው ከመክሰሉ በፊት በብረት ወይም በማግኒዥየም ጨው ከተዘፈዘፈ ገጹ ይለወጥና ፎስፌት መያዝ ይጀምራል። ይቻላል፤ ግን ኬሚካል መግዛት መጣ ማለት ነው። ሐይቅን ያህል ነገር በከሰል አጣራለሁ ማለት ደግሞ ዓባይን በጭልፋ እንደ መቅዳት ነው። አፈሩን ማሳው ላይ በእርከን መያዝ ይረክሳል።

እምቦጩን ራሱን አክስሎ መጠቀምስ? ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ተክሉ ግን ከመቶው ዘጠና ያህሉ ውኃ ነው። አንድ ጋሪ ሙሉ አምጥታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አክስላችሁ የምታገኙት ጥቂት ኪሎ ነው። ሥሩ ደግሞ ብረታ ብረት ከውኃው ስለሚሰበስብ ከሰሉ ራሱ ምን እንደያዘ ሳይመረመር ለመጠጥ ውኃ አይሆንም።

ከተማ ስንገባ ባሕር ዳር የጨርቃጨርቅና የቆዳ ሥራ ያላት ከተማ ናት። ስለ ቀለም ላንሣ። የባዮቻር ጥናት ላይ ደጋግማችሁ የምታገኙት ቀለም ሜቲሊን ብሉ ይባላል። ሰማያዊ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለመለካት ይመቻል። አዎንታዊም ነው። ስለዚህ ባዮቻር ሜቲሊን ብሉ ላይ ሁልጊዜ ጎበዝ ተማሪ ይመስላል። ጥጥ የሚያቀልም ፋብሪካ በብዛት የሚጠቀመው ግን «ሪአክቲቭ» የሚባለውን ቀለም ነው፤ እሱ አሉታዊ ነው። በቀላሉ ፈተና 99 ያመጣ ልጅ ከባዱ ላይ ስንት እንደሚያመጣ አይታወቅም። «99 በመቶ ቀለም አስወገደ» የሚል ዜና ስታነቡ የትኛውን ቀለም ብላችሁ ጠይቁ።

ክሮሚየም የቆዳ ሥራ ጣጣ ነው። ቆዳ ሲለፋ የሚገባው ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ነው፤ በአንጻሩ የዋሁ። ክሮሚየም ስድስት ከሆነ ግን ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። ባዮቻር እዚህ ጋ አንድ የሚገርም ነገር ያደርጋል። ውኃው ኮምጠጥ ካለ፣ ስድስቱን ገጹ ላይ ይዞ ወደ ሦስት ይመልሰዋል። መያዝ ብቻ ሳይሆን ጥርሱን ያወልቅለታል።

ፍሎራይድ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እሱ በዋናነት የስምጥ ሸለቆ ጣጣ ነው፤ ጣሪያው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ለእሱ የሚሠራው የአጥንት ከሰል ነው፤ አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ፎስፌት ይይዘዋል። የቆረቆንዳ ከሰል ለፍሎራይድ አይረባም።

አሁን ከላቦራቶሪ ወደ ወንዝ ስንወጣ የሚሆነውን በሠርግ ልንገራችሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ዳሱ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ የተጠራው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ እርሳስ። ሁሉም ይቀመጣል። እውነተኛ ወንዝ ውስጥ ግን ካልሲየም ይመጣል፣ ማግኒዥየም ይመጣል፣ የበሰበሰ ቅጠል ያቀለመው ውኃ ይመጣል። ማንም አልጠራቸውም። ግን ብዙ ናቸው፣ ቀድመውም ይደርሳሉ። እርሳስ ሲመጣ ግማሹ ወንበር ተይዟል።

በቁጥር እንየው። አንድ ግራም ከሰል 20 ሚሊግራም ክሮሚየም ይይዛል እንበል። ውኃው በሊትር 2 ሚሊግራም ቢኖረው አንድ ኪሎ ከሰል 10,000 ሊትር ያጣራል ማለት ነው። በወረቀት ላይ። ችግሩ ያ 20 ሚሊግራም የተለካው አብዛኛውን ጊዜ በጣም በተበከለ ውኃ ነው። ብክለቱ ሲሳሳ ከሰሉም የሚይዘው ያንሳል፤ ላንግሙር በሒሳብ ያሳየው አንዱ ነገር ይኼ ነው። በዚያ ላይ ያልተጠሩት እንግዶች አሉ። 10,000 ሊትሩ 2,000 ወይም 1,000 ቢሆን አይግረማችሁ። ከሁሉ የሚከፋው፣ ከሰሉ ሲሞላ አይናገርም። ቀለም ከሆነ ታያላችሁ። እርሳስና ክሮሚየም ግን ቀለምም ሽታም ሳይኖራቸው ዝም ብለው ማለፍ ይጀምራሉ። በየጊዜው የሚለካ ሰው የሌለው ማጣሪያ፣ አለኝ ብሎ ከመዘናጋት ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም።

ያልተወራው ግማሽ ያልኩት እንግዲህ ይኼ ነው። ከሰል ቆሻሻ አያጠፋም። ከውኃው አንሥቶ ራሱ ላይ ይሰቅለዋል። ቆሻሻው ቤት ቀየረ። ታዲያ የሞላው ከሰል ወዴት ይሄዳል?

ፎስፌትና አሞኒየም የያዘ ከሆነ መልሱ ደስ ይላል። ማሳ ላይ ይበተናል። ያ ብክለት መልሶ ማዳበሪያ ይሆናል። የጎጃም ደጋ ደግሞ አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ከአገው ምድር እስከ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገበሬው ኖራ የሚያፈላልገው ለዚህ ነው። ባዮቻር አመድ ስላለበት አሲዱን ትንሽ ያበርደዋል። ኖራን አይተካም፤ ያግዛል።

ክሮሚየም የያዘ ከሆነ ግን ማሳ ላይ አይበተንም። ምድጃም ውስጥ አይገባም፤ ይኼን አስምሩበት። ያ የዋሁ ክሮሚየም ሦስት ከአየር ጋር ሲቃጠል ወደ ስድስት ሊለወጥ ይችላል። ከሰል ነውና አንድ ቀን አንዱ የጥበቃ ሠራተኛ ሻይ ሊያፈላበት ይችላል። በአሲድ አጥቦ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ያኔም ክሮሚየሙ ወደ አሲዱ ተዛወረ እንጂ የትም አልሄደም። ውኃ የማያሰርግ ጉድጓድ ያስፈልገዋል፣ ጠባቂ ያስፈልገዋል፣ መዝገብ ያስፈልገዋል። ማጣሪያ ለመትከል ፎቶ የሚነሣ ብዙ ነው። የሞላውን ከሰል ሲቀብር ፎቶ የሚነሣ እስካሁን አላየሁም።

«የግብርና ቆሻሻ» የሚለው ቃልም ያናድደኛል። የማን ቆሻሻ? የጤፍ ጭድ ለላም ነው፣ ለጭቃ ማቡኪያ ነው፣ ገበያ ላይ ይሸጣል። የበቆሎ አገዳ አጥር ነው፣ ማገዶ ነው፣ በበጋ ለከብት ቀለብ ነው። ፋንድያ ኩበት ነው። ጭዱን አክስለን ውኃ እናጣራ ብትሏቸው አክስቴ «ላሜ ምን ትብላ?» ይሏችኋል፤ ልክ ናቸው። ቆረቆንዳ የተሻለ ነው፤ ላም ብዙም አትወደውም። የቡና ገለፈትም እንዲሁ። ለማገዶ ግን ቆረቆንዳም ይፈለጋል፤ ስለዚህ ክምር ባለበት ቤት እንጂ ሁሉም ቤት ትርፍ የለም።

ጎጃም አንድ የሚያስቀና ነገር አለው። ማክሰል ያውቅበታል። ፋግታ ለኮማ የሄደ ሰው ዲከረንስ የሚባለውን፣ ለከሰል የሚተከለውን የግራር ዓይነት ደን አይቷል። ገበሬው ዛፉን ከሰብል ጋር ሲተክል፣ በአራት አምስት ዓመት ሲቆርጥ፣ እዚያው ማሳው ላይ አክስሎ ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ኖሯል። አየር መቼ እንደሚዘጋ ከጭሱ ቀለም የሚያውቅ ሰው በየቀበሌው አለ። መሐንዲስ ልከን አየር ነፍጎ ማክሰልን «ፒሮሊሲስ» ብለን የምናስተምረው ሰው አይደለም። ከሰሉ ጆንያ ከገባ በኋላ እዚያው የሚቀረው ድቃቂ ደግሞ ገዢ የለውም። ተነፍቶና ታጥቦ ለማጣሪያ ቢውል ከማንም አፍ አይነጠቅም። ለእኔ ከቆረቆንዳው እንኳ የሚቀድመው እሱ ነው።

ቆረቆንዳ ለማክሰል በአፈር መሸፈን የግድ አይደለም። አፈ ሰፊ፣ ሥሩ የጠበበ ጉድጓድ ይቆፈራል። እሳቱ ከሥር ይለኮስና ቆረቆንዳው በስሱ ይደረብበታል። የላይኛው ንብር አመድ መልበስ ሲጀምር ሌላ ንብር። ከላይ ያለው ነበልባል አየሩን ስለሚጨርሰው ከሥር ያለው አይነድም፣ ይከስላል። ጭሱም ነበልባሉ ውስጥ ያልቃል። ጉድጓዱ ሲሞላ በውኃ ማጥፋት ነው፤ ከዘገዩ ሁሉም አመድ ይሆናል። ያለቀውን በጣት ማሸት ጥሩ መፈተኛ ነው። ጥቁሩ በውኃ ብቻ ከታጠበ ደህና ነው። ቅባት ከሆነና ሳሙና ከፈለገ ሬንጁ አልወጣም፤ ሬንጅ ደግሞ ራሱ መርዝ አለው፣ ውኃ ውስጥ አይግባ። ቀለም የተቀባ እንጨትና ላስቲክም እዚያ ጉድጓድ አይጠጉ።

ስለ ጀርም እስካሁን ያላነሣሁት ሆን ብዬ ነው። ከሰል ጀርም አይገድልም። ጥቂቱን ሊያግት ይችላል፤ ከቆየ ግን ቀዳዳው ራሱ ለባክቴሪያ ምቹ ቤት ይሆናል። ስለዚህ በከሰል ያለፈ ውኃ መፍላት ወይም ክሎሪን ማግኘት አለበት። ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ውኃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ጨምሮ ከዚያ በከሰል የሚያሳልፍ ሰው ክሎሪኑን ለከሰሉ አበላው፤ ከሰል ክሎሪን ይወዳል። ድፍርሱ መጀመሪያ ይጠልላል ወይም በአሸዋ ያልፋል። ቀጥሎ ከሰል። ክሎሪን መጨረሻ ላይ፣ 30 ደቂቃም ይቆያል።

ይኼን ሁሉ ይዤ ወደ አጎቴ ግቢ ልመለስ። ጉድጓዱ ከጋጡ ቁልቁል ነው ብያችኋለሁ። ከጋጥ ወደ ጉድጓድ የሚሰርገው ሁለት ነገር ነው፤ ጀርምና ናይትሬት። ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም ሲያልፍ በተለይ በጡጦ ለሚያድግ ጨቅላ አደገኛ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ባዮቻር ሁለቱንም አይችልም። ጣራ የሚያህል ክምር ቆሞ፣ ለዚያ ጣሳ ውኃ የሚሆን አንድ ፍሬ ቆረቆንዳ አልነበረበትም።

ለአጎቴ ይኼን ስነግራቸው ብዙም አልተገረሙም። «እና በጥቁሩ ከሰል ብታጣራስ ኋላ ከሰሉን የት ልትደፋው ነበር?» አሉኝ። እኔ እዚያ ጥያቄ ላይ ለመድረስ ሳምንት አንብቤያለሁ።

በማግስቱ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ሆነን የጉድጓዱን አፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍ አደረግነው፤ ክዳንም ሠራንለት። ከጋጡ የሚወርደውን ጎርፍ የሚያዞር ቦይ ቆፈርን። አክስቴ ክሎሪን ሽታው አይጥመኝም ብለው ለጊዜው ማፍላቱን መርጠዋል። ለናይትሬቱ ግን ማፍላትም አይሆንም፤ የምራታቸው ሕፃን ውኃ ከቦኖ እንዲቀዳለት ተስማምተናል። ጋጡን ወደ ታች ማዛወሩ ከመከር በኋላ ይሆናል ተብሏል።

ቆረቆንዳው እዚያው ነው። ግማሹ ነዷል።